ፎቶግራፉ የሚመሰክረው ስለ የትኛው ዘመን ነው?

ሎስ አንጀለስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሳጥን ስላይድ ገዝቶ፣ የወደዳቸውን በኮምፒዩተር ገልብጦ ላከልኝ፡፡ የማናውቀው የአሜሪካ ቤተሰብ ፎቶግራፎች ናቸው፡፡ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ሴት፣ ክራባት ያሰረ ባል፣ በፈረስ የሚጎተት ትራም፣ የጋዝ መብራት፣ በእንጨት ጌጥ ያሸበረቁ ሱቆች፡፡ የስላይዶቹ ካርቶን ላይ በእርሳስ 1957 ተብሎ ተጽፏል፡፡ እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነካ፡፡ እግሬ ረግጦት የማያውቀውን ጎዳና ናፈቅሁ፡፡

ሕግ ያጠና ሰው ሰነድ ሲቀርብለት “ይህ የሚያስረዳው ምኑን ነው?” ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነውና እኔም ጠየቅሁ፡፡ ጓንቱና ክራባቱ ለ1957 ይስማማሉ፡፡ የፈረስ ትራሙስ?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ጎዳናው የማንም ከተማ ጎዳና አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 (በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1947) ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ላይ የተከፈተው የዲዝኒላንድ መዝናኛ መግቢያ የሆነው “ሜይን ስትሪት ዩ.ኤስ.ኤ.” ነው፡፡ የተሠራው በ1900 ግድም የነበረችን ትንሽ የአሜሪካ ከተማ እንዲመስል ነው፡፡ ዋልት ዲዝኒ ከ1906 ጀምሮ የልጅነቱን ጥቂት ዓመታት ያሳለፈው ማርሲሊን በምትባል የሚዙሪ ከተማ ነበር፡፡ አባቱ ታመው እርሻቸው ተሸጠና ቤተሰቡ ለቆ ሄደ፡፡ ሰውየው ግን ከተማዋን ዕድሜ ልኩን ከአፉ አልለያትም፡፡

ይሁን እንጂ ማርሲሊን ይህን ያህል የተዋበች አልነበረችም፡፡ ከንድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ሃርፐር ጎፍ ከኮሎራዶዋ ፎርት ኮሊንስ የመጣ ሰው ስለነበር የእሱም የትውልድ ከተማ መልክ ገብቶበታል፡፡ በዚያ ላይ የሲኒማ ሰዎች ብልሃት ተጨመረ፡፡ የሕንፃዎቹ ምድር ቤት ለሰው ቁመት የሚመች ሲሆን ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ፎቆቹ እያነሱ ይሄዳሉ፡፡ ዓይን ይታለልና ሕንፃው ረዥም ይመስለዋል፤ ልብ ደግሞ እንደ ልጅ መጫወቻ ይቀርበዋል፡፡ ስላይዶቹ ላይ ያየሁት ሙቀት ከፊሉ የአናጢ ሥራ ነው ማለት ነው፡፡

ሁሉም ግን ማስመሰል አልነበረም፡፡ ጓንት ያጠለቀችዋ ሴት የቆመችው ባንክ ኦፍ አሜሪካ በር ላይ ነው፡፡ ይህ እውነተኛ ቅርንጫፍ ነበር፤ የተዘጋው በ1993 ነው፡፡ የሴቶች የውስጥ ልብስ የሚሸጥ ሱቅም ነበር፤ እሱ እንኳ ዓመት ሳይሞላው ተዘግቷል፡፡ የእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ደግሞ የዲዝኒ የግል መኖሪያ ነበረ፡፡ ሰውየው በ1966 ከሞተ በኋላ መስኮቱ ላይ ያለው መብራት እንዲበራ ተደርጓል፡፡

እንግዲህ ናፍቆቱ ድርብ ነው፡፡ በ1957 የነበሩ ሰዎች 1900ን ሊናፍቁ ሄዱ፤ እኛ ዛሬ የእነሱን 1957 እንናፍቃለን፡፡ ስሌቱን ስሠራው ደነገጥሁ፡፡ በእነዚያ ቤተሰቦችና በተመኙት ዘመን መካከል ስልሳ ዓመት እንኳ አልነበረም፡፡ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ከዚያ በልጧል፡፡

የጎዳናውን አቀማመጥም አጥንቼዋለሁ፡፡ የከተማ አዳራሽ አለ፣ ባቡር ጣቢያ አለ፣ ባንክ አለ፡፡ ፍርድ ቤት የለም፡፡ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች መሀል ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ፍርድ ቤቱ ነው፡፡ ሙያዬ ሆኖብኝ ይሆናል፤ ሆኖም መቅረቱ አልገረመኝም፡፡ ጎዳናው በሚያስታውሰው ዘመን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በፕሌሲ ጉዳይ ጥቁሩንና ነጩን በባቡር ላይ ለያይቶ ማስቀመጥን ሕጋዊ ብሎ ነበር፡፡ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብታቸው የተረጋገጠው በ1920 ነው፡፡ ፕሌሲን የናደው የብራውን ውሳኔ የተሰጠው በ1954፣ ማለትም መዝናኛው ከመከፈቱ አንድ ዓመት በፊት ነበር፡፡ አዲስ ዘመን በር ሲያንኳኳ ሰው ወደ አሮጌው ጎዳና ትኬት ቆርጦ ገባ፡፡

በእጄ ባሉት አርባ ያህል ስላይዶች ውስጥ ጥቁር ፊት ፈልጌ አጣሁ፡፡ ከአርባ ፎቶ ተነስቶ ፍርድ መስጠት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ፈለግሁ፡፡

ይህን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ፡፡ “ጋሼ፣ አንተ ደግሞ መዝናኛ ቦታም ፍርድ ቤት ትፈልጋለህ!” አለኝ፡፡ ቀጥሎም ልጆቹን ባለፈው ዓመት እዚያው ወስዶ ባንኩ የነበረበት በር ላይ ፎቶ እንዳነሳቸው ነገረኝ፡፡ እሱንም ላክልኝ አልኩት፡፡ ከጓንቷ ሴት ፎቶ ጎን ላስቀምጠው ነው፡፡