ቸርችልን በፔዳል፦ ከበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ጋር ትውውቅ

ለገሃር ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ያየ ሰው፣ ብስክሌት ለዚህ ከተማ የተፈጠረ ዕቃ እንዳልሆነ ቢምል አይፈረድበትም። መንገዱ መጀመሪያ ላይ የዋህ ይመስላል። ጥቁር አንበሳን አልፎ ፖስታ ቤት ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። ማዘጋጃ ቤቱ ከአናት ላይ ተቀምጦ ወጪውን ሁሉ ቁልቁል ያያል። ባዶ እጃቸውን የሚወጡት የሠፈሩ ልጆች እንኳ እዚህ ላይ ወሬ ይቀንሳሉ።

እንዲህ ያለውን ዳገት ሰባት ስምንት ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ በብስክሌት ይወጣዋል፤ ስለ መውጣቱም ገንዘብ ይከፈላል። ገንዘቡ ግን ለጋላቢዎቹ ሳይሆን ለሕሙማን፣ ለአረጋውያን ወይም ለተማሪዎች ነው። በብዙ አገር የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ የሚባለው ይኸው ነው። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም ሆነ ሰዓት የሚይዝ ዳኛ የለውም። አንድ ርቀት ይመረጣል፣ አንድ የተመዘገበ ድርጅት ይመረጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጋላቢ ዘመዱን፣ ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን እየዞረ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው፤ አንተ ለዚህ ድርጅት ስንት ትሰጣለህ?» ይላል። አንዱ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር ብሎ ይመዘገባል፣ ሌላው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጣል። ጉዞው ራሱ አንድ ጠዋት ነው። እውነተኛው ሥራ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በስልክ የሚሠራው ነው፤ በእግሩ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ደግሞ በስልኩ ጎበዝ አይደለም።

በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የሚካሄደው ፓን ማስ ቻሌንጅ ነው። ቢሊ ስታር የተባለ ሰው እናቱን በካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀመረው። የመጀመሪያው ዓመት ጋላቢዎች 36 ነበሩ፤ የሰበሰቡትም 10,200 ዶላር ነበር። ዛሬ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፉበታል፤ ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም የሰበሰበው ገንዘብ በድምሩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል። የዚህ ጉዞ ሕግ ጠንካራ ነው። ጋላቢው ለመመዝገብ የተወሰነ ገንዘብ አመጣለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ባያመጣ ከኪሱ ይሞላል። ጋላቢዎች የሰበሰቡት ገንዘብ ሳይሸራረፍ ለተቋሙ ይገባል፤ የዝግጅቱ ወጪ በሌላ መንገድ ይሸፈናል። በእንግሊዝም የልብ ሕክምና ምርምርን የሚደግፈው ፋውንዴሽን ከለንደን እስከ ብራይተን የባሕር ዳርቻ፣ 87 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲሁ ያስነዳል።

እኛ ዘንድ ለበጎ ሥራ የሚለመደው የእግር ጉዞና ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ፣ ከደስታው ጎን ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ማሰባሰብን አስለምዷል። የቢሊ ስታርን ዓይነት ታሪክ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተመሠረተው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም፣ በወላጆቹ ሐዘን ላይ ነው። ቸርችልን የሚወጣ ብስክሌተኛ ደግሞ የአገሪቱ የካንሰር ሕሙማን ለዓመታት ወረፋ የጠበቁበትን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ለምን እንደሚነዳ የሚጠይቀው ቢኖር በአገጩ ማመልከት ይበቃዋል።

ታዲያ ሩጫው እያለ ብስክሌቱ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ቡድን በሚለው ላይ ነው። ሯጭ ከጓደኛው ጎን ቢሮጥ የሚያገኘው በአብዛኛው ጨዋታ ነው። ብስክሌት ላይ ግን ከፊት ያለው ሰው ለኋለኛው በእርግጥም ይሠራለታል። በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ከኋላው ተጠግቶ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ትቶ የሚከተለው ሰው ከድካሙ ሩብ፣ አንዳንዴም ሲሶ ያህል ይቀርለታል። ስለዚህ ቡድን ተራ ይገባል፤ የመጀመሪያው ሲደክመው ወደ ጎን ወጣ ብሎ ሌሎቹን ያሳልፍና ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ደቦ የሚያውቅ አገር ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም።

መጠጋቱ ግን አደጋም አለው። የኋለኛው የፊት ጎማ የፊተኛውን የኋላ ጎማ ከነካ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። ስለዚህ የፊተኛው ሰው እንደልቡ ፍሬን አይዝም፤ ያየውንም ለራሱ ብቻ አይዝም። ጉድጓድ ካየ በእጁ ወደ መሬት ያመለክታል፤ ሊቆም ሲል መዳፉን ከኋላው ይዘረጋል፤ ታክሲ ከጠርዝ ሊወጣ ሲል ይጮኻል። በከተማችን ከሁሉ በላይ ማስጠንቀቂያ የሚገባው የጎርፍ መውረጃው ክዳን ነው። ብረቶቹ እንደ መንገዱ አቅጣጫ ከተደረደሩ ቀጭን ጎማ በመካከላቸው ስምጥ ይልና ጋላቢውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውረዋል። በወፍራም ጎማ የሚነዱት የሠፈር ልጆች ይህን ሳያውቁት ያልፋሉ። ለፒያሳ ጓዳ ጎድጓዳ ኮብልስቶንም የሚሻለው የእነሱ ብስክሌት ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚያ ላይ ነውና። ቡድኑ ከለገሃር ሲነሳ ተሰልፎ፣ አንዱ ሌላውን ከነፋስ እየከለለ ይሄዳል። ፖስታ ቤትን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት የሚገፋ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚገፋው የራስ ክብደት ነው። የፊተኛው ጀርባ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም። ልምድ የሌለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከባድ ማርሽ እንደያዘ ዳገቱ መካከል ይገባና እግሩ ሲከብደው ማርሹን ለመቀየር ይታገላል። ካቴናው ተወጥሮ ሳለ መቀየር ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ይንኳኳል፣ አንዳንዴም ጥርሱን ስቶ ይወጣል። ብልኅ ሰው ገና ሜዳው ሳያልቅ ወደ ቀላሉ ማርሽ ይወርዳል፤ ከኮርቻው ሳይነሳ፣ እግሩን ቶሎ ቶሎ እያዞረ፣ ንግግር በማያቋርጥ ትንፋሽ ይወጣል። ማውራት ካቃተው ፈጥኗል ማለት ነው።

አየሩም የራሱ ነገር አለው። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር በሜዳ ላይ ለብስክሌት ወዳጅ ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚህ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲም እንበልጣለን። ዳገት ላይ ግን ይኸው አየር ጠላት ይሆናል፤ የሚገፋው ስለቀለለ የሚተነፈሰውም አንሷል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን ቢገፋ ማንም ሊስቅበት አይገባም።

ቡድን መሆኑ የሚፈተነውም በዚህ ቦታ ነው። ብርቱው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቀድሞ ደርሶ ፎቶ ሊነሳ ይችላል፤ ግን ለማን? የቡድን መሪ የሚባለው ሰው ሥራ ከፊት መንዳት አይደለም። ከሁሉም ኋላ ሆኖ ኋላውን የሚዘጋ አንድ ጠንካራ ሰው ይመድባል፤ መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ፓምፕና መፍቻ የሚይዘውም ይኸው ኋላ ዘጊ ነው። የቡድኑ ፍጥነት የደካማው ሰው ፍጥነት ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያልተስማማ ቡድን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ይበተናል።

የኢትዮጵያ ብስክሌት በዓለም መድረክ የታየውም በቡድን ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጎን አራት ብስክሌተኞች ነበሩ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐይ ባህታና ኃይሉ ፋና። የቡድን ውጤት የሚሰጠው ቢያንስ ሦስት ጋላቢ ለጨረሰ አገር ነበር፤ አንድ ኮከብ ብቻውን ምንም አያመጣም። ኢትዮጵያ ዘጠነኛ ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ሩጫው ሁሉን ሸፈነው፣ የብስክሌቱ ታሪክም ከጥላው ሥር ቀረ። ይህ በእኔ ግምት ለብስክሌቱ የማይገባ ዕጣ ነበር።

በጎ አድራጎትንና ቡድንን አንድ ላይ ያሰረ የአፍሪካ ምሳሌም አለን። ኩቤካ የደቡብ አፍሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ለትምህርት ቤት ልጆችና ለሠራተኞች ብስክሌት ያዳርሳል፤ በነጻ ሳይሆን ችግኝ በመትከል ወይም በትምህርት በመትጋት እንዲያገኙት ያደርጋል። ስሙን የተሸከመ የባለሙያ ቡድን በአውሮፓ ጎዳናዎች ላይ ሲወዳደር የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበር። ጽጋቡ በኋላ በሌላ ቡድን ማልያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

በከተማችን ደጃፍ ያልፍ የነበረው ትልቁ ጉዞ ግን ሌላ ነው። ቱር ዳፍሪክ የተባለው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደርስ ጉዞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል፤ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ወር። ከጋላቢዎቹ አንዳንዶቹ ለመረጡት ድርጅት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው የሚነዱት። ከሱዳን ገብተው በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው ደጀን ሲደርሱ የአባይ በረሃ ይጠብቃቸው ነበር፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጡ ነበር። ከዚያ ሱሉልታና የእንጦጦ ጋራ፣ ከጋራው ማዶም አዲስ አበባ። በዚያ መንገድ የመጣ ጋላቢ ቸርችልን ቢያየው ቀልድ ይመስለው ነበር። ከኢትዮጵያ መንገድ የሚያስታውሱት ዳገቱን ብቻ እንዳልሆነም መደበቅ አይገባም፤ በየመንደሩ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆቻችን በጉዞ ማስታወሻዎቻቸው ውስጥ አሉ።

የፒያሳ መንገድ ራሱ ተለውጧል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች በእሑድ ለተሽከርካሪ ተዘግተው ልጆች በኪራይ ብስክሌት ሞሏቸው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅና ኮሪደር ልማቱ ሲከተል ደግሞ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ሰፍቶ የብስክሌት መስመር ወጣለት። በዚህ ሂደት የፈረሰው ሠፈር ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለጋላቢ ግን ይህ መስመር ከጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚያንደረድር፣ ከድልድዩ በኋላ መልሶ የሚያስከፍል ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ሁለቱንም ፍሬን መሞከር ግዴታ ነው፤ የፊቱን ብቻ አጥብቆ የያዘ ሰው ይገለበጣል።

የገንዘቡን ነገር ሳላነሳ አልተውም፤ ጉዞው ውብ ሆኖ ሒሳቡ የሚቆሽሸው ብዙ ጊዜ ነውና። ቡድኑ የሚሰበስበው ለተመዘገበ ድርጅት መሆን አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቡድኑም ለራሱ ከዚህ የጠበቀ መስመር ቢያሰምር ይመረጣል። ካናቴራው፣ ባነሩ፣ የታሸገ ውኃው፣ የድምፅ ማጉያው ተደምሮ ከተሰበሰበው ግማሹን ከበላ፣ ሰዎቹ የነዱት ለካናቴራ ሰፊው ነው። ቤተሰብ ውስጥ ስፌት የሚችል ካለ ያለፈው ዓመት ካናቴራ ላይ ቁጥር መለጠፍ ይበቃል።

ከጉዞው ማግስት ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ሥራ ይመጣል። ቃል የገባ ሁሉ አይከፍልም፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ስለሚረሳ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ቡድን አንድ ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋ ጋላቢ ግን ይሉኝታ የማያውቅ ሰው። እሱ የስም ዝርዝሩን ይዞ፣ በቴሌብር የገባውን በአንድ ዓምድ፣ በባንክ የገባውን በሌላ፣ ያልገባውን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል። ቶሞካ ቆሞ ቡናውን እየጠጣ በቀይ ወደተጻፉት ሰዎች ስልክ ይደውላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ! ቸርችልን ወጥተነዋል እኮ፤ የእርስዎ 500 ብር ብቻ ነው የቀረው።»