ከማንበብ በፊት መያዝ

እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመኗ ሃይልብሮን ከተማ አንዲት የ22 ዓመት ፖሊስ በሥራ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች በጥይት ተገደለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከመኪናዋ ላይ በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር የአንዲት ያልታወቀች ሴት ዲኤንኤ ተገኘበት። የዚህችው ሴት ዲኤንኤ በ1993 ከተፈጸመ አንድ ግድያ ጀምሮ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በደረሱ በርካታ ወንጀሎች ላይ ታይቷል። አንዱ ነፍስ ማጥፋት፣ ሌላው ተራ ሌብነት ነው፤ የሚያገናኛቸው እሷ ብቻ ናት። ፖሊስ ለጠቆመኝ 300,000 ዩሮ እከፍላለሁ እስከ ማለት ደረሰ። በ2009 ግን ጉዳዩ ተገለጠ። ሲታደን የኖረው ዲኤንኤ የናሙና መውሰጃ ጥጦቹ በሚዘጋጁበት ፋብሪካ የምትሠራ የአንዲት ሴት ነበር፤ ሴትየዋ ከወንጀሎቹ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራትም። ጥጦቹ ከጀርም የጸዱ ነበሩ፤ ይሁንና ጀርም መግደልና ዲኤንኤ ማጥፋት ለየቅል ነው። ጀርሙ ሞቶ፣ ከሠራተኛዋ የተነካካው ዲኤንኤ ጥጡ ላይ ቀርቶ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዲኤንኤውን የመረመሩት መሣሪያዎች አልተሳሳቱም፤ የቀረበላቸውን በትክክል አነበቡ። ነገሩ የተበላሸው ገና ጥጡ ላይ ነው። ስለ ዲኤንኤ ሲወራ ጆሯችን የሚሰማው ስለ ንባቡ ነው፦ የሰው ልጅ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ተነበበ፣ ማሽኑ ፈጠነ፣ ዋጋው ረከሰ ይባላል። ንባቡ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ባለፉት 150 ዓመታት የመጡትን ዋና ዋና የፈጠራ ሥራዎች አንድ በአንድ ለመረመረ፣ አብዛኛው እመርታ የተገኘው ይህን ቀጭንና ተሰባሪ ክር የሚይዝ፣ የሚያስቆም ወይም የሚያዘገይ አዲስ ዘዴ ሲፈለሰፍ መሆኑን ያያል። መያዙ ሲሳካ ንባቡ ይከተላል፤ መያዙ ሲበላሽ ግን የትኛውም ብልህ መሣሪያ አያድነውም።

ከመነሻው እንጀምር። በ1869 በጀርመን ቱቢንገን ከተማ ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ከሆስፒታል የሚጣል ፋሻ ይሰበስብ ነበር። ፋሻው በመግል የራሰ ነው። መግል ደግሞ በነጭ የደም ህዋሳት የተሞላ በመሆኑ የህዋስን እምብርት ለመመርመር የተመቸ ነበር። ሚሸር ህዋሳቱን ከፋሻው አጥቦ ካወጣ በኋላ ከአሳማ ጨጓራ ባገኘው ፕሮቲን አፍራሽ ንጥረ ነገር ፕሮቲኑን አስወገደ፤ በመጨረሻም ፎስፈረስ የበዛበት፣ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው ነገር በእጁ ቀረ። «ኒውክሊን» አለው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው እሱ ነው። ሚሸር አንዲት ፊደል አላነበበም፤ ፊደል ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ሰውም በዚያን ጊዜ አልነበረም። እሱ ያደረገው ነገሩን ከሌላው ለይቶ መያዝ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሸር ሥራ አድካሚ ነበር፤ ሥራው እውነተኛ ማቅለያ ያገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1990 ሬኔ ቦም የተባለ ኔዘርላንዳዊና የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ዘዴ አሳተሙ። ደም ወይም ሽንት ጓኒዲኒየም ከሚባል ኃይለኛ ጨው ጋር ሲደባለቅ ህዋሳቱ ይፈርሳሉ፣ ፕሮቲኖቹም ቅርጻቸውን ያጣሉ። በዚህ ድብልቅ ውስጥ የሲሊካ ብናኝ ሲጨመር ዲኤንኤው ብናኙ ላይ ይጣበቃል። ሲሊካ ማለት አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት ነገር ነው። ከዚያ ቆሻሻው በአልኮል ይታጠባል፤ በመጨረሻ ጨው የሌለበት ውሃ ሲፈስበት ዲኤንኤው ብናኙን ለቆ ይወርዳል። አሸዋ ላይ አጣብቆ፣ አጥቦ፣ በውሃ ማስለቀቅ፤ ዘዴው ይኸው ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ በብዙ አገር ምርመራውን ያጓተተው የዚህ ዓይነቱ የማውጫ ኪት እጥረት ነበር፤ የዲኤንኤ ዘመድ የሆነው የቫይረሱ አርኤንኤም የሚያዘው በዚሁ መንገድ ነውና። ባለጸጋ የሚባሉ አገሮች ውድ ማሽኖቻቸውን ደርድረው፣ በሲሊካ የተለበጠ ብናኝና ጨው እስኪደርስላቸው ጠበቁ። የንባቡ ክብር በምን ላይ እንደተመሠረተ ከእነዚያ ወራት የበለጠ ያሳየ ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ናሙና ማዘጋጀትና ፊደል መለየት እኮ የተለያዩ ነገሮች ናቸው» ሊለኝ ይችላል። እንዲያውም ክርክሬ የሚጠነክረው ፊደል መለየቱ ራሱ በምን ዘዴ እንደተገኘ ስናይ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር በ1977 ያሳተመውን ዘዴ እንውሰድ። ዲኤንኤ አራት ዓይነት ፊደላት እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በህዋስ ውስጥ አንድ ኢንዛይም እየተከተለ ይገለብጠዋል። ሰንሰለቱን እንደ ባቡር፣ ፊደላቱን እንደ ፉርጎ እናስባቸው። እያንዳንዱ ፉርጎ ከፊቱም ከኋላውም ማያያዣ አለው። ሳንገር ከኋላ ማያያዣ የሌላቸው ፉርጎዎችን ጥቂት ጥቂት ቀላቀለ። ኢንዛይሙ እየቀጠለ ሄዶ አንዱን እንዲህ ያለ ፉርጎ ሲያስገባ ባቡሩ እዚያው ይቆማል። በአንዱ ብልቃጥ የሚያስቆመው «ኤ» ብቻ ነው፣ በሌላው «ሲ»፣ በሦስተኛው «ጂ»፣ በአራተኛው «ቲ»። በየብልቃጡ ርዝመታቸው የተለያየ ቁርጥራጮች ይከማቻሉ፤ የእያንዳንዳቸው መጨረሻ ፊደል ግን የታወቀ ነው። እነዚህ በቀጭን ጄል ላይ ጎን ለጎን ተደርገው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው አጫጭሮቹ ፈጥነው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ረጃጅሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት ስለተደረገባቸው በራጅ ፊልም ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሆነው ይታያሉ፤ ተመራማሪው ከታች ወደ ላይ እየሄደ በየትኛው ረድፍ መስመር እንዳለ እያየ ፊደሉን ይጽፋል። የሳንገር ቡድን ባክቴሪያን የሚያጠቃ የአንድ ቫይረስን 5,386 ፊደላት አርሞ ያጠናቀቀው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ፊደሉን ያየ ማይክሮስኮፕ የለም። ሳንገር ፊደሉን ያወቀው ሰንሰለቱን እዚያው ፊደል ላይ በማስቆሙ ነው። ይህ ሥራ በ1980 ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

የተያዘው ናሙና ለንባብ ሲያንስ የሚገጥመውን ሌላውን ችግር የፈታው ደግሞ ፒሲአር የሚባለው የማባዣ ዘዴ ነው። ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ሐሳብ አንዲትን ቁራጭ በማሞቅ ሁለት አድርጎ መክፈል፣ አቀዝቅዞ እያንዳንዱን መገልበጥ፣ ይህንንም መደጋገም ነው፤ ሰላሳ ዙር ከአንዱ ቅንጣት ከቢሊዮን በላይ ቅጂ ያስገኛል። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው በየዙሩ አዲስ መጨመር ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው የመጣው ቶማስ ብሮክና ተማሪው በ1960ዎቹ በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ካገኙት ባክቴሪያ ነው፤ በፍል ውሃ የሚኖር ፍጥረት ኢንዛይሙም ሙቀት ይችላል።

የሳንገር ባቡር ግን አንዴ ከቆመ አይንቀሳቀስም፤ የዘዴው ወሰን ይኸው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በካምብሪጅ ሻንካር ባላሱብራማንያንና ዴቪድ ክሌነርማን የጀመሩት ሥራ ይህንን ለወጠው። ቁርጥራጮቹ ብርጭቆ ላይ ይታሰራሉ፣ በየታሰሩበትም ይባዛሉ። ከዚያ የሚጨመሩት ፉርጎዎች ቀለም ያላቸውና ማያያዣቸው ለጊዜው የተሸፈነ ነው። አንድ ፊደል ይገባል፣ ሁሉም ይቆማል፣ ካሜራ ቀለሙን ያነሳል፣ ሽፋኑ ይወገዳል፣ ቀጣዩ ይገባል። በአንድ ጊዜ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰንሰለቶች እንዲህ ቆም ሄድ ይላሉ። የመጀመሪያው የሰው ጂኖም ፕሮጀክት ከ1990 እስከ 2003 ድረስ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ ዛሬ የአንድን ሰው ጂኖም ከ1,000 ዶላር ባነሰ ማንበብ የተቻለው በዋናነት ይህ ቆም ሄድ ስለተፈለሰፈ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ማስቆምን ትቶ ማዘግየትን የመረጠው ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ዲመር በ1989 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ሐሳብ ነደፈ፦ ዲኤንኤ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ እያንዳንዱ ፊደል የኤሌክትሪኩን ፍሰት በራሱ መጠን ያደናቅፋል፤ ፍሰቱን ለክቶ ፊደሉን ማወቅ ይቻላል። በ1996 እሱና ባልደረቦቹ ክሩ በእርግጥ በቀዳዳው እንደሚያልፍ አሳዩ። ችግሩ ፍጥነቱ ነበር፤ ፊደላቱ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ስለሚያልፉ አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። ዓመታት የፈጀው ክሩን ደረጃ በደረጃ እየለቀቀ የሚያሳልፍ ኢንዛይም፣ እንደ ፍሬን ሆኖ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሲሳካ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ተሠራ፤ በ2014 ለተመራማሪዎች ተሰራጨ። በተከታዩ ዓመት ከአጋዥ ዕቃዎቹ ጋር ከ50 ኪሎ በታች በሆነ የአውሮፕላን ሻንጣ ተጭኖ ጊኒ ገባና 142 የኢቦላ ናሙናዎች እዚያው ተነበቡ።

ከባዱ ተቃውሞ ከኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚመጣው ነው። ማሽኖቹ የሚያወጡት ብጥስጣሽ ነው፤ ያለ ስሌት ትርጉም የለውም ይላሉ። እውነት ነው፤ የሰው ጂኖም ያለ ኮምፒውተር ሊገጣጠም አይችልም ነበር። ሆኖም በ2003 «ተጠናቀቀ» ከተባለ በኋላ 8 በመቶ ያህሉ ሳይነበብ እስከ 2022 ቆይቷል። በዚህ መካከል ኮምፒውተሮች እጅግ ፈጥነዋል፤ ያንን ክፍል ግን አልሞሉትም፤ የተደጋገሙ ተመሳሳይ ፊደላት የሞሉበት ስለሆነ ቁርጥራጩ የቱ ጋ እንደሚገባ አይታወቅም። የተሞላው ረጃጅም ክር ሳይቆረጥ ይዞ ማንበብ ሲቻል ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ከአገራችን ነው። በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ በ2012 የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም በ2015 ሙሉ ጂኖሙ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ። ዋሻው ቀዝቃዛ ነበር፤ ዲኤንኤውም ከውስጥ ጆሮ አካባቢ ካለው እጅግ ጠጣር አጥንት ተወሰደ። ተመራማሪዎቹ ከዩራሲያ የተመለሰ ሕዝብ ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል የሚል ድምዳሜም ጨምረው ነበር፤ ይህ ግን በሁለት ሶፍትዌሮች መካከል አንድ የማዛመድ ደረጃ በመዘለሉ የመጣ ስህተት ሆኖ ተገኘና ራሳቸው በ2016 አረሙት። ስሌቱ ተሳስቶ ሊታረም የቻለው የተያዘው ዲኤንኤ ጤነኛ ስለነበረ ነው። በሃይልብሮን ግን የተሻለ ስሌት ምንም አይፈይድም ነበር።

መያዝን እንዲህ ካከበርን ግን የያዘው ሁሉ ባለቤት ይሁን ማለታችን ነው? አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ከሰውነት የወጣ ጂን በመውጣቱ ብቻ ፓተንት ሊያዝበት እንደማይችል በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነው። ጓኒዲኒየሙና ሲሊካው ፈጠራ ናቸው፤ የተጣበቀባቸው ነገር ግን የሰውየው ነው። በዚያው ዓመት ከአሜሪካዊቷ ሕመምተኛ ከሄንሪየታ ላክስ በ1951 ሳትጠየቅ የተወሰዱት ህዋሳት ጂኖም ቤተሰቧ ሳያውቅ ታትሞ፣ ቅሬታ ሲነሳ ወዲያው ወርዷል። ፈቃድ የሚጠየቅበት ትክክለኛ ሰዓት ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ነው። ከተነበበ በኋላ የሚመጣ ይቅርታ ፊደሉን አይመልስም።

በመጨረሻ «ክኒንና ጓንት ለሚቸግራት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸውን እጋራለሁ፤ ምሳሌዬ ግን ወባ ነው። በጤና ኬላ ሲሠራበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው ጥገኛው ተሕዋስ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን በመያዝ ነው፤ ፕሮቲኑ ከተያዘ መስመር ይወጣል። ተሕዋሱ ግን ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን የጣለ እንደሆነ፣ በሽተኛው እየተንቀጠቀጠ መስመሩ አይወጣም፤ «ወባ የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን አካቶ በ2021 የታተመ ጥናት በዚህ ምክንያት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከያዛቸው ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ መመርመሪያ ሊታለፉ እንደሚችሉ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው እንዲህ የሚታለፉት ከ5 በመቶ ሲበልጡ ነው። ይህንን ለማወቅ በየጤና ጣቢያው ውድ ማሽን ማስቀመጥ አላስፈለገም። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ትደርቃለች፤ የሚፈለጉትን የጂን ክፍሎች ብቻ የሚለቅሙ ሞለኪውላዊ መንጠቆዎች ሩቅ ቦታ ሆነው ይጠብቋታል። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመደብ ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ጠብታዋን ለምትወስደው የጤና ባለሙያም መታሰብ አለበት፤ የበሽተኛውን ስም በትክክል የጻፈችው፣ ወረቀቱን ጥላ ሥር ያደረቀችው፣ እርጥበት እንዳይነካውም ከትንሽ የሲሊካ ከረጢት ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ያሸገችው እሷ ናት።