የጥንቱ የፍርሃት ጨዋታና የልጆቻችን ሌሊት

ባለፈው መስከረም 21 ቀን የግሸንን በዓል ከቤተ ሰባችን ጋራ አክብረን ስንመለስ ደሴ ከዘመድ ቤት አደርን። ማታም ዕድሜው 20 ዓመት የሆነው የእኅታችን ልጅ አንድ ግራጫ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ከቴሌቪዥን ጋራ አያይዞ አሳየን። ዲስኩን ባየን ጊዜ ደነገጥን፤ ከቆሎ ተማሪነት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባንበት ወራት፥ የደብተር መግዣችንን ለጨዋታ ቤት እየከፈልን ከአባታችን ተሸሽገን የተጫወትነው «ሬዚደንት ኢቭል» ነበርና።

ይህን ጨዋታ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሺንጂ ሚካሚ መሪነት አዘጋጅቶ መጋቢት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. አወጣው፤ በአገሩ «ባዮሃዛርድ» ይባላል። ታሪኩም በጫካ መካከል ወዳለ ትልቅ ቤት ሸሽተው የገቡ ፖሊሶች፥ ከምርምር ቤት ባመለጠ ቫይረስ ምክንያት ከሚንቀሳቀሱ ሬሳዎች ለመትረፍ የሚያደርጉት ትግል ነው።

ዛሬ ስናየው ሥዕሉ የደበዘዘ፥ የሰዎቹም አነጋገር የሚያስቅ ነው፤ ዳሩ ግን ፍርሃቱ አልቀነሰም። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ተመልካቹ ቤቱን የሚያየው ከአንድ ማዕዘን ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚመጣውን ከማየቱ በፊት ኮቴውን ይሰማል። ወደ ግሸን አምባ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በሌሊት የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል።

ሁለተኛ፥ ስንቁ ጥቂት ነው። ክሪስ የተባለው ሰው 6 ዕቃ፥ ጂል የተባለችው ደግሞ 8 ዕቃ ብቻ ይይዛሉ፤ ጥይቱም የተቈጠረ ነው። የደረሱበትን መዝግቦ ለማቆየት እንኳ የጽሕፈት መኪና ቀለም ያስፈልጋል፤ እርሱም ያልቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚገድለውንና ዝም ብሎ የሚያልፈውን መለየት ይገባዋል።

ሦስተኛ፥ ከክፍል ወደ ክፍል ሲታለፍ በሩ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ቀስ ብሎ ይከፈታል። ይህም መኪናው ዲስኩን እስኪያነብ ድረስ ጊዜ ለመግዛት የተደረገ ዘዴ ነበር፤ የመኪናው ድካም ለሰሪዎቹ የፍርሃት መሣሪያ ሆነላቸው።

እኛ ይህን እያደነቅን ሳለን፥ የ8 ዓመቱ ልጃችን ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሞ ሲመለከት አላስተዋልነውም። ጨዋታው በአሜሪካ ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የተመደበ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሌሊት ጋቢያችንን ጨብጦ፥ «አባባ፥ በሩ ብቻውን ይከፈታል» አለን። በነጋም ጊዜ በብርሃን አጠገባችን አስቀምጠን የበሩን ምሥጢር ነገርነው። ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያስ መኪናው ደክሞት ነው?» ብሎ ጠየቀ። በማግሥቱ ሌሊት እጃችንን ይዞ ተኛ፤ በሦስተኛው ሌሊት ብቻውን።

ያን ጊዜ የራሳችን ሌሊቶች ታወሱን። እኛም ያንኑ በር ፈርተን ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡን በስውር ስላጠፋን ለአባታችን መንገር አልቻልንም፤ ብዙ ሌሊትም ብቻችንን ነቅተን አደርን። አባታችን ቢሰማ ይቈጣ ነበር፤ ከቍጣው በኋላ ግን አጠገባችን በተቀመጠ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በዲስኩ መያዣ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ልክ አስቀድማችሁ አንብቡ። ልጁ ያየውን ካየ በኋላ ግን ከቍጣ በፊት ምን እንዳስፈራው ጠይቁት። የፈራውን የሚነግረው ሰው ያለው ልጅ ሌሊቱ አይረዝምበትም።