ከብጣሽ ጨርቅ የሚሰፋ ጠንካራ የተማሪ ቦርሳ

የተማሪ ቦርሳ ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ ጨርቁ ምንም አልሆነም። መጀመሪያ የሚለቀው ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው፤ ቀጥሎ ዚፑ ይበላሻል፣ ከዚያ የታችኛው ስፌት ይተረተራል። ርካሽ ቦርሳ ገልብጦ ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ረድፍ ስፌት ነው። ስለዚህ በቤቱ ቦርሳ ለመስፋት ያሰበ ሰው ጨርቁ ብጣሽ መሆኑ አያስጨንቀው። ልፋቱን በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ያውል።

መጽሐፍ ተሸክሞ የሚሄድ ዕቃ መስፋት ለአገራችን አዲስ አይደለም። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት ማኅደር የሚሠራው በመጽሐፉ ልክ ተለክቶ፣ ከወፍራም ቆዳ፣ በጠፍር ተሰፍቶ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ሆነ ትከሻ ላይ ተነግቶ ዘመናትን የቆየ ማኅደር በየገዳማቱ አለ። ዛሬም መለኪያው ያው መጽሐፉ ነው። የመማሪያ መጽሐፍና ደብተር በ21 እና በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚያድሩ፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 36፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይበቃዋል።

አገሩም የራሱን ነገር ይጠይቃል። ለምሳሌ ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ከፍታዋ 1,500 ሜትር የማይሞላ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ በበጋ ደግሞ አቧራው። አቧራ የዚፕ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይፈጨዋል፤ እኔ ለዚህ አገር ዚፕ አልመክርም፣ በቁልፍ የሚዘጋ ክዳን ይሻላል። ፀሐዩ ደግሞ ለገበር የምንጠቀምበትን የማዳበሪያ ጆንያ ያደርቀዋል። ከተሸመነ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ውጭ የከረመ ጆንያ እጅ ላይ እየተሰባበረ ይረግፋል። ገበር ሆኖ ጨርቅ ከለበሰ ግን ፀሐይ ስለማያገኘው ብዙ ይቆያል፣ ጥንካሬውም ለደብተር ይተርፋል። የዩሪያ ጆንያ ከሆነ በውሃ ደጋግመው ቢያጥቡት ይጠራል፤ ማዳበሪያው በውሃ ይሟሟልና። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነካው ጆንያ ግን ለልጅ ዕቃ ፈጽሞ አይሁን።

ለውጭው የሚሆን ጨርቅ ሩቅ አይደለም። ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚጠረገው የካኪና የቴትሮን ቁራጭ፣ ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ ሱሪ፣ አሮጌ ሸራ ሁሉ ይሆናል። ከሁሉም ጂንስ ይበልጣል። ቀጭን ጨርቅ ብቻ ካለ ደርበው ይጠቀሙበት።

አሁን ወደ መቁረጡ። ፊቱን፣ መቀመጫውን፣ ጀርባውንና ክዳኑን በአንድ ረጅም ቁራጭ ያውጡት፤ ስፋቱ 33፣ ርዝመቱ 118 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ የሚያርፍበት መቀመጫ ላይ በአግድም የሚያልፍ ስፌት አይኖርም። ብጣሹ ለዚህ ካልደረሰ ይቀጥሉት፣ ግን መቀጠያው ጀርባው መሃል ላይ ይዋል እንጂ ወደ መቀመጫው አይውረድ። መቀጠያውንም የጂንስ ሱሪ የእግሩ ውስጠኛ ጎን እንደሚሰፋው ጠርዝ በጠርዝ አጥፈው ሁለት ጊዜ ይስፉት። ለጎኖቹ 13 በ41 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያውጡ። ጆንያውንም በዚያው ልክ ይቁረጡ። ጆንያ ሲቆረጥ ስለሚተረተር ጠርዙን ደጅ ላይ ሆነው የሻማ ነበልባል ጠጋ ያድርጉበት፤ ቀልጦ ይያያዛል። ከዚያ ጨርቁንና ጆንያውን ደርበው ዙሪያውን በእጅ ይወስውሱት፤ ከዚህ በኋላ እንደ አንድ ጨርቅ ይቆጥሩታል።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ጎኑን ከረጅሙ ቁራጭ ጋር ሲገጥሙ ማዕዘኑ ላይ መታጠፍ ነው። የፊቱን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ከሰፉ በኋላ ከታጠፈው ጠርዝ በ36 እና በ46 ሴንቲ ሜትር ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በሁለቱም ምልክቶች ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ የጨርቁን ጠርዝ በመቀስ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሰንጥቁ። የመስፊያው ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ ስንጥቁ ስፌቱን አይደርስበትም። መርፌው ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ያቁሙት፣ የስፌት መኪናውን እግር ያንሡ፣ ጨርቁን ያዙሩና ይቀጥሉ። ስንጥቁ ስለሚከፈት ጨርቁ ሳይጨማደድ ይዞራል። ለጂንስና ለጆንያ 16 ወይም 18 ቁጥር መርፌ ያስፈልጋል፤ ቀጭን መርፌ ይሰበራል። መኪና የሌለው በእጁ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይስፋ፤ ክሩን በጧፍ ሰም ቢያሸው አይቋጠርም፣ ቶሎም አይበላም።

ማንገቻው ላይ አይቸኩሉ። ለእያንዳንዱ ማንገቻ ርዝመቱ 75፣ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ አራት ድርብ ሲታጠፍ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ትከሻ የሚነካው ቦታ ላይ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ይጨምሩበት። የላይኛዎቹ ጫፎች ከክዳኑ መታጠፊያ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ጀርባው ላይ ይዋሉ። ከውስጥ በኩል 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጂንስ ያስደግፏቸው፤ ጭነቱ በመርፌ ቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰፊው ጨርቅ ላይ ይከፋፈላል። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ አራት ማዕዘን አድርገው ይስፉና መሃሉን በመስቀል ይዝጉት። የታችኛውን ጫፍ የጎኑ ስፌት ውስጥ ከተሰፋ ቀለበት ጋር ያስሩት፤ ልጁ ሲያድግ ይረዝማል።

ቦርሳው ሲያልቅ 5 ኪሎ ማሽላ ከትተው በማንገቻው ሚስማር ላይ ሰቅለው ያሳድሩት። ጠዋት የተሳበ ስፌት ካለ ያኔውኑ ይጠግኑ። ልጁ ሲሸከመው ግን ክብደቱ ከሰውነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ከ750 ግራም ማለት ነው።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ለማሰፋት ካሰቡ ቁራጮቹን ቤትዎ ለክተውና ወስውሰው ይውሰዱ፣ ዋጋው ይቀንሳል። መስከረም ሲቃረብ ልብስ ሰፊው ሁሉ በዩኒፎርም ስለሚያዝ በሐምሌ ይሂዱ።