ገልባጩን የምታተርፈው ቁራጭ ጎማ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ባለመኪና አስፋልቱ ላይ እስካለ ድረስ ብዙም አያማርርም። ሂሳቡ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ሲወርድ ነው። ድንጋይ ካባው፣ የፋብሪካው ቦታ፣ የማኅበር ቤት ግንባታው ሁሉ የሚገኘው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን በስም ለውጥ የሚደለደል ነገር አይደለም።

የሱሉልታ ሜዳም ሆነ ከሰበታ ወደ በቾ የሚዘልቀው ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የተደፋው ገረጋንቲም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ጭነት ይዞ በዚህ ላይ የሚሮጥ አይሱዙ ወይም ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” የሚል ስም ያወጣለት ሲኖትራክ ጉድጓድ ሲያገኝ ከሥሩ ደረቅ የብረት ድምፅ ይሰማል። አክስሉ ሽቅብ ተነስቶ ሻንሲውን መታ ማለት ነው።

ይህን ምት ለመቀበል የተሠራችው በአክስሉና በሻንሲው መካከል የምትገኝ ቁራጭ ጎማ ናት። ጋራዥ ቤት ከሌሎች ጎማ ነክ ዕቃዎች ጋር ተደባልቃ “ጎሚኒ” ትባላለች። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን እያልን ከጣሊያን የወረስነው የመካኒክ ቋንቋ ለዚህች ዕቃ የራሷን ስም የነፈጋት ይመስላል፤ ምናልባት ችላ የምትባለውም ለዚህ ይሆናል። ባለንብረቱ የሚያስታውሳት ባሌስትራ ሲሰበር ነው። ያኔም አዲስ ባሌስትራ ገዝቶ ያስገጥምና ያለቀችውን ጎማ እዚያው ይተዋታል። አዲሱም ባሌስትራ ብዙ አይቆይም።

ነገሩ አሁን ጎልቶ የወጣው በዋጋ ምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ130 ብር በላይ ደርሷል። ጉምሩክና ትርፍ ሳይጨመር የ100 ዶላር መለዋወጫ ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር ዘለለ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ የኤክሳይዝ ታክስ ስለጣለ ያለውን መኪና ማቆየት እንደ ቀድሞው የድሃ ባለመኪና ምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ገበያው ላይ ያለው ምርጫ ምንድን ነው? ርካሹ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ በቡሎን የሚታሰረው ነው። በረባሶ ለመሥራት የሚሆን ጎማ ሁሉ ግን ምት ለመቀበል አይሆንም። ጎማ ሲጫኑት መጠኑ አይቀንስም፤ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ። ድፍን ሆኖ መሄጃ ካጣ ከብረት ብዙም አይሻልም። የተሻሻሉት ዓይነቶች ይህንን የሚፈቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጎማውን ውስጡ ባዶና ወገቡ ቀለበት ቀለበት አድርጎ መሥራት ነው፤ የካናዳው ቲምብረን የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ፖሊዩሬቴን ሲሆን፣ ሲጫን ወደ ጎን ብዙ ሳያብጥ ወደ ራሱ ይሸመቀቃል። በረሃ ለበረሃ ለሚሽቀዳደሙ መኪኖች የሚሠራ ዘይትና ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን ለድንጋይ ጫኝ የሚታሰብ አይደለም።

ጥቅሙ ለነጋዴ በቀላሉ ይገባል። አንድ ምት የተሸከመው ጉልበት በሆነ መንገድ መከፈሉ አይቀርም። ድፍኗ ጎማ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ተጨምቃ ካቆመችው ዕዳው በአንድ ቀን ተጠየቀ ማለት ነው። ስድስት ሳንቲ ሜትር እየተጨመቀ የሚያቆመው ያንኑ ዕዳ በሦስት ክፍያ ያስተናግዳል፤ ሻንሲው ላይ የሚያርፈው አማካይ ግፊት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።

ሆኖም ሻጭ የሚለውን ሁሉ አምኖ ከመክፈል መሞከሩ ይሻላል፤ ሙከራውም ሜትር፣ ጠመኔና አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ይጠይቃል። መጀመሪያ መኪናው ባዶውን ደልዳላ ቦታ ቆሞ ከጎማዋ ጫፍ እስከ አክስሉ ያለው ክፍተት ይለካል፤ ከዚያ የተለመደውን ጭነት ጭኖ በድጋሚ። ሲጫን ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ዕቃዋ ምት መቀበሏ ቀርቶ እንደ ተጨማሪ ባሌስትራ እየሠራች ነው። ለዚያ የተሠራች ካልሆነች ቶሎ ትፈረካከሳለች። ቀጥሎ አክስሉ ላይ የምታርፍበት ቦታ ጠመኔ ይቀባና መኪናው ይነዳል። የአሞርዛተሩ ዘንግ በሚታይባቸው ፒክአፖች ዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ቢታሰር፣ ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ አክስሉ እስከ የት እንደወጣ ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። አሮጌውን በባዶ መኪና፣ አዲሱን በጭነት ሞክሮ ማወዳደር ምንም አይነግርም። ሾፌሩ፣ ጭነቱ፣ የጎማው ንፋስ፣ ፍጥነቱና ጉድጓዱ አንድ መሆን አለባቸው። ከቡራዩ ካባዎች ወደ አምቦ መንገድ በሚወጣ አንድ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ላይ በአሮጌው ሦስት ጊዜ፣ በአዲሱ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይበቃል። ጠመኔው በስንቱ ምልልስ እንደተነካ ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ ዕቃዋ በእጅ ትዳሰሳለች። በጣም ከሞቀች ከአቅሟ በላይ እየሠራች ነው።

ረዘም ያለ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። በጣም ከረዘመች ባዶ መኪና ላይ ገና በትንሽ ጉብታ ትነካለች፤ ሾፌሩም ወገቡን ያማል። ካጠረች ደግሞ አሞርዛተሩ ከእሷ ቀድሞ ጫፉ ላይ ይደርስና ይሰበራል። መግጠሚያዋን ሻንሲው ላይ መበየድም የተለመደ ጥፋት ነው። የከባድ መኪና ሻንሲ ብረት በብየዳ እሳት ጥንካሬውን ያጣል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ከብየዳው ጥግ ነው። በቡሎን መታሰር አለባት።

ይህች ዕቃ የጭነት ልክ አትጨምርም። የተሻሻለችውን ያስገጠመ ባለንብረት ድምፁ ስለጠፋለት ብቻ ሁለት ሜትር ኩብ ድንጋይ ቢጨምር፣ ፍሬኑና ጎማው ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ የእንጦጦ ቁልቁለትም አልተለወጠም። መንገዱም ይጎዳል። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው የአክስል ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ የሚያዘው ጫኚ ለማኅበረሰቡ ሲባል ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ነገ የሚመለስበትን መንገድ ራሱ እየቆፈረ ነው።

ያገለገለ አይሱዙ ወይም ገልባጭ ለሚገዛና ለሚያገናኝ ደላላ ግን ይህች ቁራጭ ጎማ ከሰነዱ ይልቅ ትናገራለች። ሞተር ታጥቦ፣ ካሶኒ ቀለም ተቀብቶ ሊቀርብ ይችላል። ከሥር ገብቶ በባትሪ ማየት ነው። ዕቃዋ ከሌለች ወይም ተሰነጣጥቃ ከጠፈጠፈች፣ አክስሉ ላይም ብረት የመታው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ካለ፣ መኪናው የኖረው ከልኩ በላይ ተጭኖ ነው። ቀጥሎ የሚታየው የሻንሲው ጎን ነው፤ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ ከተገኘ ዋጋው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።