ያበጠ ጣፊያና ሥር የሰደደ የደም ካንሰር፦ ታካሚው ወደ ልዩ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት

የካንሰርና የደም በሽታዎች ልዩ ሆስፒታል የመቅኔ ምርመራ፣ ኬሞቴራፒ፣ የጨረር ሕክምና፣ የደምና የፕላትሌት አቅርቦት እንዲሁም የሕመም ማስታገሻ ክብካቤ ይሰጣል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ይሁንና ታካሚው ከአገልግሎቱ ምን ያህል እንደሚጠቀም በአብዛኛው የሚወስነው በበሽታው በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ መድረሱ ነው። ይህም በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በዚህ በሽታ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ክፋያቸውን ይለዋወጣሉ። ከልውውጡ የሚፈጠረው ፕሮቲን የመቅኔ ሕዋሳት ያለማቋረጥ እንዲራቡ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ይህንኑ ፕሮቲን ያግዳል፤ በተለመደው መጠን በቀን 400 ሚሊግራም በአፍ ይወሰዳል። መድኃኒቱ በሚገባ የሠራላቸው ታካሚዎች ዕድሜ ከጤነኛ ሰው ዕድሜ ጋር ተቀራራቢ ሆኗል። በጥቁር አንበሳም በእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት ያለክፍያ ሲታደል ቆይቷል። በሽታው ወደ አጣዳፊው ደረጃ ከተሻገረ ግን ጥቅሙ አነስተኛና አጭር ነው።

እንግዲህ ጊዜው የሚባክነው የት ነው? እጅግ ያበጠ ጣፊያ በአገራችን በቅድሚያ የሚያሳስበው ወባን፣ ካላዛርንና ቢልሃርዝያን ነው፤ ግምቱም ምክንያታዊ ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የመጣን የቀን ሠራተኛ ለካላዛር አለመመርመር ስሕተት ይሆናል። የወባ መድኃኒት ተደጋግሞ እየተሰጠ የደም ሕዋሳት ሳይቆጠሩ ወራት ማለፋቸው ግን ተገቢ አይደለም። ካላዛር ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ ቀይ የደም ሕዋሳትንና ፕላትሌትን አንድ ላይ ዝቅ ሲያደርግ፣ በዚህ ካንሰር ነጩ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮ ሊትር ከ100,000 በላይ ይደርሳል። በስላይድ ላይ ካልበሰሉት እስከ በሰሉት ድረስ ያሉ የግራኑሎሳይት ደረጃዎች ሁሉ ይታያሉ፤ ባዞፊልም ይበዛል። ይህን ለመጠርጠር ተራ ማይክሮስኮፕና ትጉህ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይበቃሉ፤ ማረጋገጫው የዘረመል ምርመራ በልዩ ሆስፒታሉ ይሠራል።

በሪፈራል ወረቀቱ ላይ «የጣፊያ ማበጥ» ብሎ መጻፍ ብቻ በቂ አይደለም። ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ፣ የደም ቆጠራው ከነቀኑ፣ የተሰጡት መድኃኒቶችም ይጻፉ፤ ስላይዱም ቢላክ መልካም ነው።

ታካሚው ኢማቲኒብ ጀምሮ ሲመለስ ክትትሉ በከፊል የጤና ጣቢያው ይሆናል። በዓይን ዙሪያ የሚታየው እብጠት የተለመደ የመድኃኒቱ ጠባይ ስለሆነ፣ የኩላሊት በሽታ ነው በሚል ግምት ብቻ መድኃኒቱ አይቋረጥ። የሳንባ ነቀርሳ ከተገኘበት ደግሞ ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን መጠን በደም ውስጥ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ሕክምናው ሲጀመር ለሚከታተለው ሐኪም በፍጥነት ማሳወቅ ያስፈልጋል። በወሊድ ዕድሜ ያለች ሴትም መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል ተነግሯት የእርግዝና መከላከያ ልታገኝ ይገባል።