ዕጣኑን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ዛፉ ግን የማን ነው?

የዛሬው ጉዳያችን በየቤታችሁ ያለ ነገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ኑሩ ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭም ኑሩ ዱባይ፣ ቡና ሲፈላ ፍም ላይ ጣል የምታደርጉት ዕጣን ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህብን መስኮት ከፍተን እናጨሰዋለን። ከሀበሻ ሱቅ በትንሽ ፌስታል ገዝተነው ስንገባ ግን ይህ ነገር ከየት መጣ፣ ማን ለቀመው፣ ለለቃሚውስ ስንት ደረሰው ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ዛሬ ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የዕጣኑ ዛፍ እያለቀ ነው።

ከመተማና ከቋራ ቆላ አንስቶ በተከዜ ሸለቆና በቤንሻንጉል አካባቢ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሳ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ ለእርሻ እምብዛም በማይመች መሬት የሚቆም ዛፍ ነው። ሌላ ሰብል በማያበቅለው በዚያ መሬት ገንዘብ የሚያስገኝ ዛፍ መኖሩ ለቆላው ገበሬ ትልቅ ሀብት ነው። በተለይም ዕጣን የሚለቀመው በበጋ፣ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት በመሆኑ ለገበሬው ተጨማሪ ገቢ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለቃሚው ለዚሁ በተሠራ ስለት የዛፉን ልጥ በስሱ ይፍቃል። ከቁስሉ ነጭ ሙጫ ይወጣና ይደርቃል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል ትንሽ ሰፋ ያደርገዋል። በአንድ በጋ ይህ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ከዚያም ዕጣኑ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ በአብዛኛው ሴቶች ቁጭ ብለው በመጠንና በቀለም ይለዩታል። ትልልቁና ነጣ ያለው አንደኛ ደረጃ ሆኖ ከሌላው በላቀ ዋጋ ይሸጣል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ዛፍም እንደ ሰው ቁስሉ እንዲሽር ዕረፍት ይፈልጋል። የሙጫው መውጣት ዛፉ ለአበባና ለዘር የሚያውለውን ጉልበት ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ በኤርትራ የተካሄደ ጥናት ያሳየው አስደንጋጭ ነው። ለዓመታት ካረፉ ዛፎች የተገኘው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በየዓመቱ ከሚቆስሉት ዛፎች የተገኘው ግን ከ16 በመቶ በላይ አልበቀለም። የበቀለውንም ችግኝ ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። በመተማ በኩል ደግሞ ለሰሊጥ እርሻ ሲባል ደኑ ራሱ እየተመነጠረ ሄዷል። የተዳከመውን ዛፍ ጥንዚዛ ይገባበትና ከውስጥ ቦርቡሮ ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ጥናት ከተደረገባቸው የዚህ ዛፍ ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ እንደሌለ ገልጿል። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብይዋል። ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት ሽማግሌ ብቻ የቀረበትን፣ ሕፃን የሌለበትን መንደር አስቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ለቃሚውን ይወቅሳል። ተመልካቾቻችን፣ እስኪ ራሳችሁን በለቃሚው ቦታ አስቀምጡት። ለቃሚው ብዙውን ጊዜ ከደጋ የሚመጣ ወቅታዊ ሠራተኛ ነው። ደኑ ለተወሰነ ጊዜ በፈቃድ ለአንድ ድርጅት ተሰጥቷል። የሚከፈለው በለቀመው መጠን ነው። በሚመጣው ዓመት ወደዚሁ ደን ይመለስ አይመለስ አያውቅም። ታዲያ ይህ ሰው ዛፉን የሚያሳርፈው ለማን ብሎ ነው? ድርጅቱም ቢሆን ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ለሚበቅል ችግኝ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ ዕጣኑ በበሩ እያለፈ ሲጫን ከማየት በቀር የሚደርሰው ነገር ትንሽ ከሆነ፣ ደኑን መንጥሮ ሰሊጥ ቢዘራበት ይሻለዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ይሄ ነው። ወተቷን የማያይ ሰው ላሚቱን አይጠብቅም።

ስለዚህ የጉዳዩ ቁልፍ ባለቤትነት ነው። ይህን ደግሞ በሀገራችን ሌላ ቦታ አይተነዋል። በከፋ፣ ቦንጋ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሳታፊ የደን አያያዝ የሚባል አሠራር ተሞክሯል። ኅብረተሰቡ በማኅበር ይደራጃል፤ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ የጫካ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን ሰብስቦ ይሸጣል። ማን መቼ ምን ያህል እንደሚሰበስብ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ይወስናል። ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለ ሰው ያንን ዛፍ አያስቆርጥም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እዚያም ቢሆን ችግር የለም ማለታችን አይደለም። ለእርሻና ለኢንቨስትመንት የሚደረገው የመሬት ግፊት አለ። ቢሆንም ደኑ ቆሞ ሳለ ገቢ የሚያገኝ ሰው ስለ ደኑ ይከራከራል።

በሕግ በኩልም በር ተከፍቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን በተጨማሪ የማኅበረሰብንና የማኅበራትን የደን ባለይዞታነት እውቅና ሰጥቷል። የቀረው ይህንን ከወረቀት አውርዶ በዕጣኑ ቆላ ላይ ማዋል ነው።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ዕጣን ለሚለቀምባቸው ቀበሌዎች ማኅበራት ረዥም ጊዜ የሚቆይ፣ በየምርጫውና በየሹም ሽሩ የማይነጠቅ የደን ይዞታ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ደኑ ተከፋፍሎ አንዱ ክፍል ሲለቀም ሌላው ለዓመታት ይረፍ። ቀጭን ዛፍ አይነካ። ከተወሰነ ቁጥር በላይ ማቁሰል ዛፉን ይጎዳል እንጂ ዕጣን አይጨምርም። ሦስተኛ፣ ባረፈው ክፍል ከብትና እሳት እንዳይገባ ይከለል። አራተኛ፣ መለየቱና ማጽዳቱ እዚያው በማኅበሩ መጋዘን ይሠራ። ደረጃ ወጥቶለት የተሸጠና እንዳለ በጆንያ የተሸጠ ዕጣን ዋጋቸው አንድ አይደለም። ልዩነቱ ገበሬው ኪስ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። ጥይት በሚተኮስበት ቆላ ለቃሚም አይሰማራም፣ ጠባቂም አይቆምም።

ከኛስ ምን ይጠበቃል? ውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዚህ ዕጣን ደንበኞች ነን። ስንገዛ ከየት አካባቢ፣ ከየትኛው ማኅበር መጣ ብለን እንጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ ነጋዴውም ይጠይቃል። አስመጪ የሆናችሁ ደግሞ በተቻለ መጠን በቀጥታ ከማኅበራት ግዙ። ዕጣኑን ላረፈ ደን ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የሚገዛ ደንበኛ እንዳለ አትጠራጠሩ።

ያለ ዕጣን የቡና ሥርዓት እንዴት ያለ እንደሚሆን አስቡት። ልጆቻችን ያንን ሽታ አውቀው እንዲያድጉ ከፈለግን፣ ቆላ ያለው ገበሬ ዛፉ የኔ ነው ማለት መቻል አለበት።